ሰማይ ማለቂያ አለው? የአንስታይን እኩልታ የሚለውና የማይለው

(ደብረ ብርሃን ላይ ለመምህራን፣ ለተማሪዎችና ለወላጆች የቀረበ ንግግር፤ ከድምፅ የተገለበጠ።)

ጤና ይስጥልኝ! እንደምን አረፈዳችሁ?

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ የሙያ ባልደረቦቼ መምህራን፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ እናንተ ተማሪዎች! ከአንኮበር፣ ከደብረ ሲና፣ ከመሐል ሜዳ፣ ከሸዋ ሮቢት ድረስ የመጣችሁ እንዳላችሁ ተነግሮኛል። ከቆላ የመጣችሁት በተለይ ይህን ብርድ ችላችሁ መቀመጣችሁን አይቻለሁ። በዕረፍት ቀናችሁ ስለ ኅዋ ልትሰሙ መጣችሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ለእኔ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ይህች ከተማ ሰማይን ቀና ብሎ ከማየት የተነሣች ናት። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዓመት እዚህ ቤተ ክርስቲያንና ቤተ መንግሥት ያሠሩት በሰማይ ላይ ብርሃን ስለታየ እንደሆነ ይነገራል። ያ ብርሃን እ.ኤ.አ. በ1456 የታየው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ሳይሆን አይቀርም የሚሉ የታሪክ ተመራማሪዎች አሉ። ስለዚህ ደብረ ብርሃን ላይ ስለ ሰማይ መነጋገር እንግዳ ነገር አይደለም። ወግ ነው።

ወደ ጥያቄያችን ልግባ። የአንስታይን ጠቅላላ የአንጻራዊነት ንድፈ ሐሳብ፣ ስበትን በኅዋና በጊዜ ጉብጠት የሚያስረዳው እኩልታ፣ ማለቂያ የሌለው ኅዋ እንዲኖር ይፈቅዳል ወይስ ይከለክላል? መልሴን ከወዲሁ ልንገራችሁ፤ ይፈቅዳል። ውሱን የሆነውንም ይፈቅዳል። ሁለቱንም ፈቅዶ፣ «የእኛስ የትኛው ነው?» ብለን ስንጠይቀው ዝም ይላል። ይህ ዝምታ ከየት እንደመጣ ነው ዛሬ የማወራችሁ።

ለምን ይህን ርዕስ መረጥኩ? የፈተና ወረቀት ሳርም ደጋግሜ የማነበው ዓረፍተ ነገር ስላለ ነው። «ጽንፈ ዓለም በቢግ ባንግ ከአንዲት ነጥብ ተነሥቶ እየሰፋ ስለሆነ ውሱን ነው» ይላል። ተማሪው ከራሱ አላመጣውም፤ ያስተማርነው እኛ ነን። መምህራን ወዳጆቼ፣ ይህ ዓረፍተ ነገር ከሰሌዳችን መጥፋት አለበት። ለምን እንደሆነ ደረጃ በደረጃ እንሂድ።

የመጀመሪያው ነጥቤ ይህ ነው፤ ዳርቻ የሌለው ነገር ሁሉ ማለቂያ የሌለው ነው ማለት አይደለም። ሁለቱን እንለያይ።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት የኖረው ግሪካዊው አርኪታስ እንዲህ ብሎ ጠይቋል፤ ከሰማይ ጠርዝ ላይ ብቆም በትሬን ወደ ውጭ መዘርጋት እችላለሁ ወይስ አልችልም? ከቻልኩ ጠርዝ አልነበረም። ካልቻልኩ የከለከለኝ ነገር ከወዲያ አለ። ጥያቄው ግሩም ነው፤ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ መልስ ያጣለት ሰው ብዙ ነው። አንስታይን በ1917 መልስ ሰጠ። ኅዋ እንደ ምድር ገጽ በራሱ ላይ የሚዘጋ ሊሆን ይችላል አለ። የትም ብትሄዱ ግድግዳ አይገጥማችሁም፣ በትራችሁን የትም ትዘረጋላችሁ፤ ሆኖም ጠቅላላ ይዘቱ በሜትር ኩብ ተለክቶ የሚያልቅ ነው። ዳርቻ የለውም፤ ግን ውሱን ነው።

ልብ በሉ፤ አንስታይን እዚህ መደምደሚያ ላይ የደረሰው እኩልታው አስገድዶት አይደለም። ማለቂያ የሌለው ኅዋ ስላስጨነቀው ነው። ጭንቀቱም ከእሱ በፊት ነበረ። በ1692 ሪቻርድ ቤንትሊ የተባለ የሃይማኖት ሊቅ ለኒውተን ደብዳቤ እየጻፈ ይጠይቅ ነበር፤ ቁስ ማለቂያ በሌለው ኅዋ ውስጥ ተበትኖ ከሆነ እያንዳንዱ ኮከብ ወደ የት ነው የሚሳበው? ወደ ሁሉም አቅጣጫ? ኋላ ላይ በ1890ዎቹ ጀርመናዊው ዜሊገር ይህን በሒሳብ አሳየው፤ በኒውተን ሕግ የዚያን ሁሉ ቁስ ስበት ልደምር ብትሉ ድምሩ የተወሰነ መልስ አይሰጣችሁም፤ በአደማመራችሁ መጠን ይለዋወጣል። አንስታይንም «ወዲያ ማዶ፣ እጅግ ሩቅ ላይ፣ ምን ብዬ ልነሣ?» የሚለው አላስተኛ አለው። መፍትሔው ማዶ የሚባለውን ጨርሶ ማጥፋት ሆነ። ኅዋን ዘጋው። ሲዘጋው ደግሞ በገዛ ስበቱ እንዳይኮማተርበት እኩልታው ላይ አንድ ተጨማሪ ቁጥር ጨመረ፤ ኮስሞሎጂያዊ ቋሚ የምንለውን።

እዚህ ላይ ከራሴ ሕይወት አንድ ነገር ላውራችሁ። መንዝ፣ ለቅሶ ልደርስ ሄጄ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠናል። አጠገቤ አንድ በዕድሜ የገፉ አባት፣ ነጠላቸውን እስከ አገጫቸው ተከናንበው፣ ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል። ምን እንደማስተምር ሰው ነገራቸው መሰለኝ፣ ወደ እኔ ዘንበል ብለው በዝግታ «ልጄ፣ እስቲ ንገረኝ፤ ሰማይ የት ላይ ነው የሚያልቀው?» አሉኝ። «አባባ፣ ላያልቅም ይችላል» አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና «ተው ልጄ። ማለቂያ የሌለው አንድ እርሱ ብቻ ነው» አሉኝ።

አልተከራከርኳቸውም። መከራከርም አልፈለግሁም። የእምነትን ነገር የሚያስተምሩ ሊቃውንት አሉን፤ ያ ወንበር የእኔ አይደለም። ግን ያን ቀን ወደ ቤቴ ስመለስ ያሰብኩትን ልንገራችሁ። እኒህ አባት የተሰማቸውና አንስታይንን ያስጨነቀው ያው የሰው ልጅ ስሜት ነው። ማለቂያ የሌለው ነገር ሲባል አእምሯችን ወደ ኋላ ይላል። ደግሞም ማለቂያ የሌለው ርቀት ስል የምናገረው ስለ ርዝመት ብቻ ነው፤ በሜትር ስለሚለካ፣ ሕግ ስለሚገዛው ነገር። አባባ የተናገሩት ስለዚያ አልነበረም። ሁለቱ ጥያቄዎች ጎን ለጎን መኖር ይችላሉ ብዬ ከልቤ አምናለሁ።

ሁለተኛው ነጥቤ፤ እኩልታው ሲፈታ ምን ይወጣዋል?

የፈታው በጦርነትና በአብዮት በተጎዳችው የሩሲያ ከተማ በፔትሮግራድ የሚኖር አሌክሳንደር ፍሪድማን የሚባል ሰው ነው፤ የአየር ጠባይ አጥኚም ነበር። በ1922 ኅዋ የግድ እንዳለ ረግቶ መቆም እንደሌለበት፣ ሊሰፋም ሊኮማተርም እንደሚችል አሳየ። አንስታይን መጀመሪያ ስሕተት አለበት ብሎ ጻፈ፤ በ1923 ግን ስሌቱ ትክክል መሆኑን በጽሑፍ አመነ። ፍሪድማን በ1924 ሁለተኛ ጽሑፍ አወጣ፤ ኅዋ በተቃራኒው አቅጣጫ ቢጎብጥስ ብሎ። በ1925 በ37 ዓመቱ በታይፎይድ ሞተ። ጋላክሲዎች እየራቁ መሆናቸውን አሜሪካዊው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ሀብል በ1929 ሲያሳውቅ አላየም። ይህን ሰው ሳስበው ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። ተማሪዎች፣ ስሙን ያዙልኝ፤ ፍሪድማን።

ቁስ በሁሉም ስፍራ በአማካይ እኩል ተሰራጭቷል ብለን ከተነሣን፣ እኩልታው ሦስት መንገድ ይሰጠናል። ኅዋ ወደ ውስጥ የጎበጠ ሊሆን ይችላል፤ የሦስት ማዕዘን አንግሎች ድምር ከ180 ዲግሪ ይበልጣል። ዝርግ ሊሆን ይችላል፤ ድምሩ ልክ 180 ነው። ወይም እንደ ኮርቻ በተቃራኒው የጎበጠ ይሆናል፤ ድምሩ ከ180 ያንሳል። የመጀመሪያው ሁልጊዜ ውሱን ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ማለቂያ የሌላቸው መሆን ይችላሉ። አንስታይን ራሱ በ1932 ከሆላንዳዊው ደ ሲተር ጋር ሆኖ የዝርጉን ኅዋ ሞዴል አሳትሟል። በ1917 ያስጨነቀውን በ1932 በወረቀት ላይ አኖረው ማለት ነው።

ከሦስቱ የትኛው እንደሚሆን የሚወስነው እፍግታ ነው፤ በኅዋ ውስጥ ያለው ቁስና ኃይል ብዛት። ወሳኙ እፍግታ፣ ማለት ኅዋ ልክ ዝርግ የሚሆንበት መጠን፣ ስንት ነው ብትሉኝ፣ በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ አምስት የሃይድሮጅን አተም ያህል ነው። አምስት! ይህ አዳራሽ ወርዱ አሥር፣ ርዝመቱ ሃያ፣ ከፍታው አምስት ሜትር ነው እንበል። አንድ ሺህ ሜትር ኩብ ይሆናል። በውስጡ አምስት ሺህ አተም ብቻ ቢኖር ያ ነው ወሳኙ እፍግታ። አሁን የምትተነፍሱት አየር በአንዲት ሜትር ኩብ ውስጥ ያሉት ሞለኪውሎች ከ1 ቀጥሎ 25 ዜሮ ከሚጻፍበት ቁጥር ይበልጣሉ። ኅዋ ምን ያህል ባዶ እንደሆነ ከዚህ ገምቱ። የጽንፈ ዓለም ቅርፅ በዚያ ባዶነት ላይ፣ በጥቂት አተሞች ልዩነት ላይ ይንጠለጠላል።

አሁን ሦስተኛው። የዛሬው ዋና ነገር ይህ ነውና ጆሯችሁን አውሱኝ።

«ዝርግ ከሆነ ማለቂያ የለውም» የሚል በየመጽሐፉ ታገኛላችሁ። አይከተልም። ለምን እንደማይከተል በባና ላሳያችሁ፤ የመንዝ ሰው ባና ያውቃል። አያቴ የበግ ፀጉር ሲያባዝቱና ሲፈትሉ እያየሁ ነው ያደግሁት፤ ክሩ ጣታቸው መሃል እየተሽከረከረ፣ ቤቱ ሁሉ ላኖሊን፣ ማለት የፀጉሩ ስብ፣ እየሸተተ። እንግዲህ በድቅድቅ ጨለማ አንድ ባና መዳፋችሁ ሥር ተደረገና «ዳብሳችሁ ንገሩን» ተባላችሁ እንበል። እጃችሁን ማንሸራተት አይፈቀድም። መዳፋችሁ ሥር ያለው ለስላሳና ዝርግ ነው ወይስ ተጨማዷል? ይህን ታውቃላችሁ። ባናው የት ድረስ እንደተዘረጋ ግን አታውቁም። ሁለቱ ጫፎቹ ተገናኝተው ተሰፍተው እንደሆነም አታውቁም፤ ባና ሲጠቀለል ክሩ አይሳብም፣ አይሸበሸብም፣ መዳፍ ሥር ያለው ሽመና ያው ነውና። እንስራ ላይ አልብሱት ብትባሉ ግን ወዲያው ይሸበሸባል፤ ያን መዳፋችሁ ይለየዋል።

የአንስታይን እኩልታ ያ መዳፍ ነው። እዚህ ነጥብ ላይ ይህን ያህል ቁስና ኃይል ካለ፣ እዚህ ነጥብ ላይ ኅዋና ጊዜ ይህን ያህል ይጎብጣሉ ይላል። እዚህ! ከዚያ አያልፍም። ስለ ጠቅላላው ስፌት፣ ጫፍና ጫፍ ስለ መገናኘቱ፣ አንዲት ቃል የለውም። ዝርግ ኅዋ በሦስቱም አቅጣጫ ጫፍና ጫፉ ቢገናኝ፣ በስተ ምሥራቅ የሄደ በስተ ምዕራብ ቢመጣ፣ እኩልታው ቅንጣት አይከፋውም። የሒሳብ ሰዎች ቆጥረውታል፤ ዝርግ ኅዋ ሊይዘው የሚችለው ጠቅላላ ቅርፅ 18 ዓይነት ነው፤ ከእነዚህ 10ሩ ውሱን ናቸው። እንደ ኮርቻ የጎበጠውም ቢሆን ውሱን የሚሆንባቸው ቅርፆች አሉት። ፍሪድማን ይህን በ1924 ጽሑፉ ላይ አስጠንቅቆ ነበር፤ እኩልታው ብቻውን ኅዋ ውሱን መሆን አለመሆኑን አይወስንም ብሎ። መቶ ዓመት አለፈው፤ እኛ ግን ዛሬም «ዝርግ ስለሆነ ማለቂያ የለውም» እንላለን!

ስለዚህ «ንድፈ ሐሳቡ ይፈቅዳል?» ስትሉኝ አዎን የምለው በዚህ ምክንያት ነው። ማለቂያ የሌለው ዝርግ ኅዋ እኩልታውን በየነጥቡ ያሟላል፤ አንድም ቦታ አይጥሰውም። ዜሊገርን ያስቸገረው ድምርም እዚህ አይነሣም፤ የሩቁን ስበት ሁሉ ከአጽናፍ እስከ አጽናፍ ደምሩ የሚለን የለም። እያንዳንዱ ነጥብ ከጎረቤቱ ጋር ብቻ ይነጋገራል።

አራተኛ። ቢግ ባንግስ? «ከአንዲት ነጥብ የተነሣ ነገር እንዴት ማለቂያ የሌለው ይሆናል?» ትሉኛላችሁ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መልሱ፤ ማለቂያ የሌለው ከሆነ ከመነሻውም ማለቂያ አልነበረውም። ከአንዲት ነጥብ አልተነሣም።

በቁጥር እንየው። 1፣ 2፣ 3፣ 4 እያላችሁ ያለ ማቋረጥ ቁጠሩ። እያንዳንዱን በሁለት አባዙ፤ 2፣ 4፣ 6፣ 8 ይሆናል። በጎረቤታሞች መካከል ያለው ርቀት እጥፍ ሆነ። ረድፉ ከመጀመሪያውም አያልቅም ነበር፣ አሁንም አያልቅም። ለመስፋት «ውጭ» የሚባል ቦታ አላስፈለገውም። በግማሽ ብታሳንሱትም ያው ነው። ሺህ ጊዜ ብታሳንሱትም ያው ነው።

ታዲያ «ትንሽ ነበር» የሚባለው ምኑ ነው? ከእኛ የሚታየው ክፍል ነው። ዛሬ በየአቅጣጫው 46 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል ርቀት ድረስ ያለው ነገር ብርሃኑ ደርሶናል። ቢግ ባንግ በሆነ በ380,000 ዓመት ገደማ፣ ኅዋ ብርሃን የሚያሳልፍ ሆኖ ሲጠራ፣ ርቀቶች ሁሉ ከዛሬው በ1,100 እጥፍ ያንሱ ነበር። ስለዚህ ያ 46 ቢሊዮን ያኔ 42 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ወደ ኋላ በሄዳችሁ ቁጥር እየጠበበ ይሄዳል። የሚጠበው ግን ይህ የእኛ ክፍል ነው። ጠቅላላው ማለቂያ የሌለው ከሆነ በ1,100 ተካፍሎም ማለቂያ የለውም። እጅግ ሞቃትና እጅግ የታፈገ የነበረው በሁሉም ስፍራ ነው፤ በአንድ ስፍራ አይደለም። የጊዜው ዜሮ ላይስ? እዚያ እኩልታው ራሱ ይሰበራል፤ ስለዚያች ቅጽበት «ነጥብ ነበር» የማለት ሥልጣን ማንም አልሰጠንም።

ከመንገዴ ትንሽ ወጣ ብዬ አንድ ነገር ልጨምር፤ ስወደው ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። «አሁን» የሚባለው ለሁሉ አንድ አይደለም። ጠቅላላውን ኅዋና ጊዜ አንድ ላይ ካሰባችሁት፣ ኅዋ የምትሉት ከዚያ ውስጥ በአንድ ቅጽበት የቆረጣችሁት ቁራጭ ነው። አቆራረጡ ሲለያይ ቁራጩም ይለያያል። ደ ሲተር በ1917 ያገኘው መፍትሔ ቁስ የሌለበት፣ የሚሰፋ ኅዋ-ጊዜ ነው። ያንኑ አንዱን በአንድ መንገድ ብትቆርጡት ውሱን ኅዋ ይወጣዋል፤ በሌላ መንገድ ብትቆርጡት ከውስጡ ማለቂያ የሌለውና ዝርግ ኅዋ ታገኛላችሁ፤ በሦስተኛ መንገድ ማለቂያ የሌለውና እንደ ኮርቻ የጎበጠ። በ1980 ኮልማንና ደ ሉቺያ የተባሉ የፊዚክስ ሊቃውንት ያሳዩት ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው፤ ከውጭ ላለ ተመልካች ትንሽ ሆና ተወልዳ የምታድግ አረፋ፣ ከውስጧ ላለ ሰው ማለቂያ የሌለው ኅዋ ልትሆን ትችላለች። ውጭ ያለው ገና ወደፊት የሚመጣ ጊዜ ብሎ የሚቆጥረውን፣ ውስጥ ያለው ርቀት ብሎ ይቆጥረዋል። ሁለቱም አልተሳሳቱም። ይህን መጀመሪያ ስረዳ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። የሰው አእምሮ እዚህ ድረስ መድረሱ ራሱ አያስገርምም?

ወደ መንገዴ ልመለስና የመጨረሻውን ነጥብ ላንሣ። እኩልታው ካልነገረን ሰማዩን እንጠይቃ! ተጠይቋልም።

የተጠየቀው በሦስት ማዕዘን ነው። ከቢግ ባንግ 380,000 ዓመት ገደማ በኋላ የተለቀቀው ብርሃን ዛሬም በማይክሮዌቭ ይደርሰናል። በላዩ ሞቅ ያሉና ቀዝቀዝ ያሉ ነጠብጣቦች አሉበት። የነጠብጣቦቹ እውነተኛ ስፋት ከፊዚክስ ይሰላል፤ ርቀታቸውም ይታወቃል። እንግዲህ ከዓይናችን ተነሥቶ ወደ አንድ ነጠብጣብ ሁለት ጫፍ የሚሄድ ቀጭን ሦስት ማዕዘን አለ። ኅዋ ዝርግ ከሆነ ነጠብጣቡ አንድ ዲግሪ ያህል ሆኖ መታየት አለበት፤ ወደ ውስጥ ከጎበጠ ሰፍቶ፣ በተቃራኒው ከጎበጠ ጠቦ። ቡመራንግ የተባለው በአንታርክቲካ ሰማይ ላይ በፊኛ የተንሳፈፈ መሣሪያ ውጤቱን በ2000 አሳወቀ፤ አንድ ዲግሪ ያህል። በ2009 የመጠቀችው የአውሮፓውያን ፕላንክ ሳተላይት መለኪያ፣ ከጋላክሲዎች ሥርጭት ጋር ተዳምሮ፣ በ2018 የጉብጠቱን ቁጥር 0.0007 አደረሰው፤ ከዚያ በ0.0019 ከፍም ዝቅም ሊል ይችላል። ዜሮ ማለት ፍጹም ዝርግ ነው። ዜሮ በዚህ ክልል ውስጥ ተቀምጣለች።

«እንግዲያው ማለቂያ የለውም!» ልትሉ ነው። ቆዩ። ሦስተኛውን ነጥቤን አስታውሱ። መዳፍ ሥር ዝርግ ነው አለን እንጂ ጫፉ አልተሰፋም አላለንም። ደግሞም ያ ቁጥር በትክክል ዜሮ ካልሆነ፣ ከዜሮ በጣም ትንሽ ወደ አንዱ ወገን ብቻ ያዘነበለ ከሆነ፣ ኅዋ እጅግ ግዙፍ ሆኖ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል።

ስፌቱም ተፈልጓል። ኅዋ ተዘግቶ ከሆነና ዙሪያው ትንሽ ከሆነ፣ ከአንድ ምንጭ የመጣ ብርሃን በሁለት አቅጣጫ ይደርሰናል። በሰማይ ሁለት ተቃራኒ ቦታዎች ላይ ተመሳሳይ ነጠብጣብ ያለባቸው ክበቦች መታየት አለባቸው። ኮርኒሽ፣ ስፐርገልና ስታርክማን ይህን ዘዴ በ1998 አቀረቡ፤ በኋላም ደብልዩማፕ የተባለችው ሳተላይትና ፕላንክ ባነሧቸው የዚያ ብርሃን ካርታዎች ላይ ተፈለገ። እስካሁን አልተገኘም።

እዚህ ላይ የሁለቱ ወገኖች ዕድል እኩል እንዳልሆነ አስተውሉልኝ። ኅዋ ውሱን ከሆነ አንድ ቀን ልናውቅ እንችላለን፤ ክበቦቹ ሊገኙ፣ ወይም ጉብጠቱ በርግጠኝነት ከዜሮ ወጥቶ ወደ ውስጥ ሆኖ ሊለካ ይችላል። ያን ጊዜም ቢሆን ከምናየው ክፍል ውጭ ያለው ይህን ይመስላል ብለን ገምተን ነው። ማለቂያ የሌለው ከሆነ ግን የሚያረጋግጥልን መለኪያ የለም። የምናየው ሁልጊዜ ውሱን ክፍል ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ብርሃኑ ገና አልደረሰንም፣ የብዙውም ከነጭራሹ አይደርስም፤ የኅዋ መስፋፋት እየፈጠነ ነውና። ማለቂያ የሌለው መሆኑን ንድፈ ሐሳቡ ይፈቅዳል፣ መለኪያው አይቃረነውም፣ ማንም ግን ሄዶ አያየውም።

ተማሪዎች፣ እንጦጦ ላይ ባለ አንድ ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች አሉን። ከእናንተ መካከል እዚያ የሚቆም፣ ከዚያም አልፎ በሚቀጥሉት ሳተላይቶች ቁጥር ላይ የሚሠራ ቢወጣ ምንኛ ደስ ባለኝ! መምህራን፣ እናንተን የምለምነው አንድ ነገር ነው። ነገ ሰሌዳው ላይ «የሚታየው ጽንፈ ዓለም ውሱን ነው፤ ጠቅላላው ውሱን ይሁን ማለቂያ የሌለው አይታወቅም፤ አንጻራዊነት ሁለቱንም ይፈቅዳል» ብላችሁ ጻፉላቸው። ሦስት ሐረግ ነው። ልጆቹ ይችሉታል።

ስለ ትዕግሥታችሁ አመሰግናለሁ። ጥያቄ ከኋላ ወንበር ይጀመር፤ እዚያ እጅዋን ካነሣች የቆየች ልጅ አለች።